የባንችይርጋ ብግነት

ወይዘሮ ባንችይርጋን ቁጭ ብላ ያየ ሰው ላሊበላ ውስጥ ካለ ይምጣና ይመስክር። እናቷ ስሟን ሲያወጡላት «ባንቺ ይርጋልን» ማለታቸው ነበር አሉ፤ ቤቱም አልረጋ፣ ልጅቱም አልረጋች። ጠጅ የምትጥለው ቆማ ነው። ምሳ የምትበላው ቆማ ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ ስትሄድ ከድንኳኑ ደጃፍ «ነፍስ ይማር» ትልና፣ መቀመጫዋ አግዳሚውን ሳይነካ ጓዳ ገብታ ሽንኩርት የሚከትፉትን ሴቶች ታርማለች። ሁለት ባል አግብታ ከሁለቱም ተለያይታለች። የመጀመሪያውን ሽማግሌዎች «በደሏ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁት፣ «በደልስ የለባትም፤ ብቻ ከእሷ ጋር መኖር መናኸሪያ ውስጥ እንደ ማደር ነው» አለ ይባላል። ሁለተኛው ምንም አላለም። ሲሄድም ያየው የለም። እሷ ራሷ መሄዱን ያወቀችው ከሰነበተ በኋላ ነው ይላሉ፤ ይቺን እንኳ ጎረቤት ጨምሯት ይሆናል።

ጠጅ ቤቷ ከቅዳሜው ገበያ ወረድ ብሎ ነው። አስጎብኚዎች ፈረንጅ ይዘው ሲመጡ ማር ማሩን የሚለውን ብርዝ ትሰጣለች፤ ለአገር ሰው መካከለኛውን፤ ነገር ፈልጎ ለመጣ ደግሞ ደረቁን፣ ቶሎ አስክሮ ቶሎ የሚያስተኛውን። ይህን ሁሉ የምትለየው በምላሷ ነው። ጠዋት አንዱን ጋን ትቀምሳለች፣ እስኪረፋፍድ ሌላውን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠዋት የቀመሰችውን ትጠራጠርና እንደገና ትቀምሳለች። ቆሞ የሚውል ሰው አይወፍርም የሚል ካለ ባንችይርጋን አላየም። ከተወለደችበት ከገነተ ማርያም ስትመጣ የጌሾ እንጨት ታክል የነበረችው ሴት፣ አስፋልቱና አውሮፕላኑ ፈረንጅ እያመላለሰላት፣ ወገቧ ጋኖቿን መሰለ። እኛም ደስ አለን። በእኛ አገር የከሳ ነው «ምን ሆነ?» የሚባለው፤ ለወፈረ «ተስማምቶሃል» ነው። «ተስማምቶሻል ባንቺ!» ስንላት «እግዜር ይመስገን» እያለች በአጠገባችን እንደ ንፋስ ታልፋለች።

ይህች ሮጣ የማትጠግብ ሴት እግሯ የማይረግጠው አንድ ቤት ብቻ ነበር። እሱም የታላቅ እህቷ የአገሬ ቤት ነው።

ነገሩ ከሚሊኒየሙ በፊት የሆነ ነው። እናታቸው ሞተው ተዝካራቸው ሲወጣ ባንችይርጋ ጠጇን በበቅሎ አስጭና ገነተ ማርያም ደረሰች። ካህናቱ ዳሱ ውስጥ ተደርድረዋል። አገሬ ከእንስራው ቀድታ ፉት አለች፤ ፊቷን አጨማደደች፤ ሰው ሁሉ እየሰማ «ይሄ ለካህናት አይቀርብም፣ ሆምጥጧል። ለውጪዎቹ ስጡት» አለች። ጠጁ ከዳሱ ውጪ ለተኮለኮሉት ነዳያን ተቀዳ፤ ካህናቱ የአገሬን ጠላ ጠጡ። አንዱ ነዳይ ደግሞ ቆሪውን ገልብጦ ሲያበቃ «ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን፤ ጠጁ ግን ጥርስ ያነቃል» አለ። ወሬው ላሊበላ የደረሰው ከባንችይርጋ ቀድሞ ነው።

ከዚያ ወዲህ የአገሬ ስም ከተነሳ ባንችይርጋ ብግን ትላለች። ብግን ማለት እንግዲህ ከቁጣ ሌላ ነው። ቁጣ ነዶ ያልቃል። ብግነት ግን እንደ ተዳፈነ ፍም ነው፤ አመዱ ቀዝቅዟል ብለህ ስትረግጠው ነው የሚያቃጥልህ።

እንግዲህ አንድ ቀን የተሰበረ ብርሌ ረገጠች። ስብርባሪው የላስቲክ ጫማዋን በስቶ ከአውራ ጣቷ ሥር ገባ። እሷ ግን አልተሰማትም፤ እንደ ልማዷ ስትንጎራደድ ዋለች። ጠጅ የምትቀዳላት ሰብሌ ናት ወለሉ ላይ የደም ዱካ አይታ «እትዬ፣ ማን ነው እዚህ በግ ያረደው?» ያለችው። ዱካውን ተከትለው ቢሄዱ የባንችይርጋ እግር ላይ ደረሱ። «ምንም አላመመኝ እኮ!» ብላ ሳቀች። ሰብሌ አልሳቀችም። ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት።

ጤና ጣቢያ ሲስተር ፀደይ የምትባል የወልድያ ልጅ አለች። ቁስሉን አጠበች፣ ደም ወሰደች፣ ክንዷን በጨርቅ ጠቅልላ ነፋች፤ በመጨረሻ ሜትር አውጥታ የባንችይርጋን ወገብ ለካች።

«ቀሚስ ልትሰፊልኝ ነው?»

«አይደለም እትዬ ባንችይርጋ።»

እዚህ የማይሠራው ምርመራ ደሴ ተልኮ መልሱ ሲመጣ ፀደይ አስጠራቻት። ባንችይርጋ በሩ ላይ እንደ ቆመች ነው የሰማችው።

«ስኳር አለብዎት። ግፊት አለብዎት። የደምዎ ቅባት ከፍ ብሏል። ቦርጩም አለ። እነዚህ ነገሮች ተያይዘው ነው የሚመጡት፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል።»

«ማኅበር ገብተውብኛል በይኛ!»

«እንደዚያ ነው። ሌላው ደግሞ የደሴው ምርመራ ከፍተኛ ብግነት አሳይቷል።»

ባንችይርጋ ከበሩ ፈቀቅ አለች። «ምን አሳይቷል?»

«ብግነት። የውስጥ ብግነት ነው፤ ቆየት ያለ ይመስላል።»

ሰብሌ ማርያምን ብላ እንደማለችልን፣ ባንችይርጋ ያን ጊዜ ከግድግዳው ጋር ያለውን ወንበር በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች።

«ይሄ… በደም ይታያል?»

«አዎ፣ በደም ይታያል።»

«ከማን እንደ ሆነም ያሳያል?»

ፀደይ «ከምን» ያለቻት መስሏት፣ «እሱን በአንድ ምርመራ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ከስኳሩም፣ ከቦርጩም፣ ከቁስሉም ሊሆን ይችላል። በቤተሰብም የሚመጣ ነገር አለ። የቅርብ ዘመድ አለዎት?» አለች።

«አንዲት እህት አለችኝ» አለች ባንችይርጋ፣ ድምፅዋ እንደ ተሰረቀ ሰው ሆኖ።

«እሷም መምጣት አለባት። እና ይስሙኝ፤ ብግነቱ ካልቀነሰ ይሄ ቁስል በቀላሉ አይድንም። ክኒኑን በየቀኑ ይውሰዱ፣ ማሩን ይተዉ፣ እግርዎን ሰቅለው ይቀመጡ፣ ቁስሉን እየመጡ ያሳጥቡ። ካልሆነ እግሩ ሊቆረጥ ይችላል። አልዋሽዎትም።»

ፀደይ ያለችው ይህን ነው። ባንችይርጋ የሰማችው ግን ሌላ ነው። የሰማችው፦ ያ የደሴ መሣሪያ ደሟን ከፍቶ አገሬን ውስጡ አገኛት፤ ያቺ ሴት ከደሟ እስካልወጣች ድረስ እግሯ አይድንም። ከጤና ጣቢያ እንደ ወጣች «እህት አለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ እኮ! ደሴ ሆነው አወቁ!» አለቻት ሰብሌን። ሰብሌም አፏ ወንፊት ነውና ቀኑ ሳይመሽ ሁላችንም አወቅን፤ ባንችይርጋ ቂሟ በምርመራ ተገኘባት። አንዳንዱ ጭራሽ ደሙን ማስመርመር ፈራ። ከጎረቤቱ ጋር በድንበር የሚካሰስ አንድ ሰውዬማ «እኔስ ክስ ላይ ነኝ፤ ፍርድ ሳይሰጥ ደሜን አላሳይም» ብሎ ከጤና ጣቢያ በር ተመለሰ።

ባንችይርጋ ግን ለመሳቅ ጊዜ አልነበራትም። ውስጧ ይሯሯጥ ጀመር። ነአኩቶ ለአብ ሄዳ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጠበል ተጠመቀች፤ ስትመለስ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ዋጠች፤ በማግስቱ እሬት ቀመሰች፤ አንድ አባት «ዋናው ይቅር መባባል ነው፣ ልጄ» ሲሏት መስቀላቸውን ተሳልማ እያነከሰች ሮጠች። የምትሸሸው ይህችኑ ምክር ነበረና። «አገሬ እግር ላይ ልውደቅ? እሷ አዋርዳኝ እኔ ልውደቅ? ቢቆረጥ ይቆረጥ!» ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ ጎንበስ ብላ እግሯን ትዳብሳለች። ያለ እግር ባንችይርጋ ምን ልትሆን ነው? ሌላው ሰው እግሩን ቢያጣ ቁጭ ይላል። እሷ ደግሞ ቁጭ ማለትን አታውቅበትም።

ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ አባስን አገኘችው። አባስ ከቆቦ በኩል የሚመጣ ቅመም ነጋዴ ነው፤ አፉ ከሚሸጠው ሚጥሚጣ የባሰ። ሸራ ላይ አረንጓዴውን፣ ቢጫውን፣ ጥቁሩን ዱቄት እንደ ባንዲራ ዘርግቶ ተቀምጧል።

«አባስ፣ ብግነት የሚያጠፋ ነገር አለህ?»

«ብግነት? ወላሂ ያለ ቦታሽ አልመጣሽም! ይሄ ሽፈራው ነው፤ የአርባ ምንጭ ቅጠል። ይሄ እርድ። ይሄ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ፣ ከሞት በቀር ለሁሉ ነው። ፈረንጆቹ በእንክብል አድርገው ሲሸጡት ላዩ ላይ ምን ብለው እንደሚጽፉ ታውቂያለሽ? ብግነት ይቀንሳል!»

«የቆየም ቢሆን?»

«የቆየ ከሆነ ማንኪያ ጨምሪበት።»

«ከዘመድ የመጣም ቢሆን?»

አባስ ቀና ብሎ አያት። «እህቴ፣ እኔ ቅመም ሻጭ ነኝ፤ ከየት እንደ መጣ አልጠይቅም። ግን ሐኪም የሰጠሽ ነገር ካለ እሱን አልነካም፤ ተዪውም ውሰጂውም አልልሽም።»

ለባንችይርጋ ይህ በቂዋ ነበር። ገነተ ማርያም ሳይሄዱ፣ ድንጋይ ሳይሸከሙ፣ «ይቅር በይኝ» ሳይሉ ቂምን የሚያወጣ ዱቄት ተገኘ! ክኒኖቹን አሮጌ ብርሌ ውስጥ ከታ መደርደሪያ ላይ ሰቀለቻቸው። ሰብሌ «እትዬ፣ ክኒኑስ?» ስትላት «ክኒኑ ለስኳር ነው፤ እኔን የያዘችኝ አገሬ ናት» አለቻት። ቀልድ አልነበረም። እንደሷ አስተሳሰብ ልክ ነበረች።

ዱቄቱ መሥራቱን የምታውቅበት ዘዴም አበጀች። ማለዳ ሦስቱን ዱቄት በሞቀ ውሃ ትበጠብጥና ዓይኗን ጨፍና ትጨልጠዋለች። ከዚያ ግቢዋ ውስጥ ወደ ገነተ ማርያም አቅጣጫ ትዞራለች፤ እጇን ሆዷ ላይ ታደርግና «አገሬ!» ትላለች። ሆዷ ቃጠል ካለ ብግነቱ አለ ማለት ነው። «አገሬ!» ደግማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «አገሬ! አገሬ!»

ይህ እንግዲህ በዚያ ዘመን፣ ቤት ሁሉ አንድ ለአምስት ተጠርንፎ በሚውልበት ጊዜ ነው። በየማለዳው አንዲት ጠጅ ሻጭ ግቢዋ ቆማ «አገሬ!» እያለች ስትጮኽ ዝም ተብሎ አይታለፍም። የሰፈሩ ጠርናፊ አዳም የሚባል ጎልማሳ መጣ።

«እትዬ ባንችይርጋ፣ በየማለዳው አገሬ አገሬ ይላሉ የሚል ነገር ሰማን።»

«እላለሁ።»

«ምን ሆነው ነው?»

«አዋርዳኝ ነዋ!»

አዳም ግራና ቀኝ አየ። «አገርዎ?»

«አገሬ ናት እንጂ! ሌላ ማን ደፍሮ!»

«እትዬ… አገራችን እኮ እያደገች ነው።»

«ማደጉንስ ከእኔ በፊት ነው ያደገችው። ልብ አልገዛችም እንጂ።»

አዳም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የመልካም አስተዳደር ችግር ካለ በስብሰባ ያንሱት፤ በግቢ ውስጥ ግን ይተዉት» ብሎ ሄደ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ስለ ባንችይርጋ ሲጠየቅ «ያኮረፈች ናት፤ ግን ብቻዋን ነው» አለ አሉ።

ያ ሳያንስ ሰብሌ ቧንቧ ላይ ወረፋ ስትጠብቅ «እትዬ አሁን ያለ ሽፈራው አይሆንላትም፤ ጠዋትም ማታም ነው» ብላ አፏ አመለጣት። እሑድ ሳይደርስ ሽፈራው የከባድ መኪና ሾፌር ሆነ፤ የአርባ ምንጭ ሰው ነው፤ ቁመቱ ረዘም ያለ ነው፤ ማለዳ ሲወጣ ያዩት አሉ። አንዷ «መልኩ አረንጓዴ ቢጤ ነው» ብትል እንኳ የሚያምናት አታጣም ነበር። ባንችይርጋ ሰምታ «ሦስተኛው ባሌ ከሆነ ከፊተኞቹ ይሻላል፤ ቢያንስ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይሠራል» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

እና እውነትም ሠራላት! ወይም የሠራላት መሰላት። ማንም ሰው አንድን ስም በየማለዳው ሲጮኽ ቢሰነብት ስሙ ይደነዝዛል፤ አንድ ማለዳ «አገሬ!» ብትል ሆዷ ጭጭ አለ። ደገመች። ጭጭ። «ጠፋልኝ! ሰብሌ፣ ጠፋልኝ!» ብላ እልል አለች።

እግሯ ግን አልሰማም። ጠጅ ቤቱ ውስጥ አንድ ሽታ ገባ። ባንችይርጋ ጋኑን ጠረጠረች፤ አጥባ በወይራ አጠነችው። ሽታው አልሄደም። ሁለተኛውን ጋን አጠነች። ሦስተኛውን። ወለሉን በፈላ ውሃ አጠበች፣ ጌሾውን አውጥታ ደፋች፣ ድመቷን ሳይቀር አባረረች። ጠጪው ብርሌውን ይዞ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ደጅ ራቅ ራቅ ማለት ያዘ። እሷ ከጋን ወደ ጋን ትሮጣለች፤ ሽታው አብሯት ይሮጣል። በመጨረሻ ሰብሌ መሬት ላይ ተንበርክካ ጫማዋን አወለቀችላትና ፊቷን አዞረች።

«እትዬ፣ ጋኑ አይደለም።»

አውራ ጣቷና ቀጣዩ ጠቁረዋል። አላመሟትም። ይሄ ነው የሚያስፈራው።

ያን ጊዜ እንኳ የሮጠችው ወደ አባስ ነው። ቅዳሜ ስለነበር ሸራው ተዘርግቷል። «ጠንከር ያለ ስጠኝ» አለችው። አባስ እግሯን አይቶ ተነሣ። ዱቄቱን ሁሉ በእጁ ከለለው።

«ለዚህ የሚሆን ዱቄት የለኝም። ብትከፍዪኝም አልሸጥልሽም። ሐኪም ቤት ሂጂ፤ አሁኑኑ!»

«ሐኪሟማ ነግራኛለች። ብግነቱ ካልወጣ አይድንም ብላለች። አልወጣም ማለት ነው፤ ተደብቆ ነው!»

አባስ የሚናገረውን ሳይጨርስ በገነተ ማርያም በኩል ወደ ሙጃ የሚሄደው አይሱዙ ጡሩምባውን ነፋ። ባንችይርጋ ከሐኪም ቤቱ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ እህልና ሰው ላይ ተንጠላጥላ፣ እህቷ ዘንድ ሄደች። ቦታ ቢለቁላትም አልተቀመጠችም አሉ።

አገሬ ደጇ ላይ ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። አገሬ ደግሞ ባንችይርጋ ያልተቀመጠችውን ሁሉ የምትቀመጥላት ሴት ናት። እህቷ እያነከሰች ስትመጣ አየች። ባንችይርጋ ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አንሥታ ማጅራቷ ላይ ተሸከመችና ጎንበስ ብላ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ይቅር በይኝ።»

አገሬ ባቄላውን አስቀመጠች። «ምን አድርገሽኝ?»

«በግኜብሻለሁ።»

«እሱንማ ላስታ በሙሉ ያውቀዋል። አሁን ምን አመጣሽ?»

«በደሜ ተገኘ። ደሴ ድረስ ሄዶ ተገኘ። አንቺ ካልወጣሽልኝ እግሬ ይቆረጣል ተብያለሁ። ይቅር አልኩሽ፣ ይቅር በይኝ፣ ይውጣልኝ!»

«ይቅር ብያለሁ። እኔ ድሮም ቂም የለኝም።»

«አንቺማ ምን ቂም ይኖርሻል፤ የተዋረድኩት እኔ!»

«ባንቺ፣ ጠጁ እኮ ሆምጥጦ ነበር።»

«አልሆመጠጠም!»

«ማርያምን ሆምጥጦ ነበር።»

«ያልሆመጠጠውን!»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ድንጋዩን አውርጂውና እንጣላ። ወገብሽን ትሰብሪዋለሽ።»

ባንችይርጋ ድንጋዩን ስታወርድ ተንገዳገደች። አገሬ ተነሥታ ደገፈቻት፤ ያኔ ሽታው ደረሳት። አስቀመጠቻትና ጫማዋን አወለቀችላት፤ የታሰረውን ጨርቅ ፈታች። የጠቆሩትን ጣቶች አየች።

«ይሄንን ያመጣሁት እኔ ነኝ?»

«ብግነቱ ነው አሉ።»

«እኔ ክፉ ነኝ፣ ባንቺ። አላጣሁትም። ግን ይህን ያህል አቅም የለኝም።» ጨርቁን መልሳ አሰረችላት። «አባባ እንዲህ ነበር የጀመረው። አንቺ ገና ዳዴ ትያለሽ። ጣቱ ጠቆረ፤ አላመመኝም ይል ነበር። ‘መተት ነው’ ብለን ጎረቤታችንን ጠርጥረን፣ አስምለን፣ በቄስ አስገዝተን፣ ከሰው አጣልተን፤ ስንባላ እሱ አለቀ። በኋላ ያች ጎረቤታችን ናት የቀብሩን ንፍሮ የቀቀለችው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ዝም በይና በቅሎው ላይ ውጪ!»

አገሬ በሰውነቷም በዕድሜዋም የማይጠበቅ ሩጫ ሮጣ በቅሎ አስጫነች፣ ሁለት ጎረምሳ ጠራች፣ መንገዱ ላይ ወጥታ የመጣውን መኪና ሁሉ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጇን ዘርግታ አስቆመች። አንዱ ቆመ። ባንችይርጋ ሕይወቷን ሙሉ ተቀምጣ የሄደችው መንገድ ያ ብቻ ነው፤ ጭንቅላቷን እህቷ ጭን ላይ አድርጋ፣ ሙቀቷ እንደ ምድጃ እየነደደ፣ «ፍጠኑ፣ ፍጠኑ» እያለች።

ሆስፒታል ደርሳ እግሯ ተረፈ። ሁለት ጣት ግን ሄደ። «ሰንበት ብላችሁ መጥታችሁ ቢሆን እስከ ጉልበቷ ነበር» አለ ሐኪሙ። አገሬ ይህን ሰምታ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ባንችይርጋ ደግሞ አልጋ ላይ ሆና «ምን ያስለቅስሻል? ጣቱ የእኔ!» ብላ ተቆጣቻት።

ሲስተር ፀደይ ልትጠይቃቸው መጣች። ነገሩን ከሥሩ ሲነግሯት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ብግነት ስል ቂም መስሎዎት ነው?»

«ሌላ ምን ሊመስለኝ?»

«ሰውነት ሲጎዳ ራሱን ለመከላከል ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል አይደል? እሱ ነው። ስኳርና ቦርጭ ባለበት ሰው ግን ሳይታይ ውስጥ ለውስጥ ይነዳል፤ ጠላት ሳይኖር ዘብ እንደ ማብዛት። የደም ሥሩን ይጎዳል። ከማንም ጋር መጣላት አያስፈልገውም።»

አገሬ ጣልቃ ገባች። «ታዲያ ለምን በቂም ስም ጠራችሁት?»

«ስሙን እኔ አላወጣሁትም፣ እማማ። ግን ማስረዳት ነበረብኝ።»

«ሽፈራውስ?» አለች ባንችይርጋ ቀስ ብላ። «ከንቱ ነው?»

«ከንቱ አልልም። ሽፈራውም እርዱም ጥቁር አዝሙዱም ብግነትን ጥቂት ዝቅ ያደርጋሉ የሚሉ ጥናቶች አሉ። ጥቂት። ግን ክኒኑን ሰቅሎ አይደለም። ከክኒኑ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ስኳሩን ከልክ በላይ ሊያወርደው ስለሚችል ሳይነግሩኝ አይውሰዱ። ወጥ ውስጥ እንደ ጎመን ቢበሉት ግን አልቆጣም።»

«ጎመን ነው በይኛ!»

«ጎመን ነው።»

«ያን ሁሉ ማለዳ ለጎመን ነው የጮኽኩት!»

አገሬ ለጥቂት ቀን ብላ ላሊበላ ከረመች፤ ከዚያ መሄዱን ረሳችው። ክኒኑን አስውጣ አፏን አስከፍታ ታያለች። ጠጅ የምትቀምሰው አሁን እሷ ናት፤ «ይሄ ለስልሷል፣ ያኛው ገና ነው» ባለች ቁጥር ባንችይርጋ ከተሰቀለ እግሯ በላይ አንገቷን አስግጋ «ምላስሽ ነው የለሰለሰው!» ትላለች። ከንጋት ጀምሮ ነው። በጌሾው ይጣላሉ፣ በእንጨቱ ይጣላሉ፣ ማን ቀድሞ እንደ ተነሣ ይጣላሉ። ጠጪው እንኳ ጠጅ ለመጠጣት ሳይሆን ለመስማት ይመጣል እየተባለ ነው። ባንችይርጋ እጇ ደርሶ የምትወረውረው ነገር ካጣች ነገር ትወረውራለች።

በዚህ መካከል ደሟ እንደገና ደሴ ሄዶ መጣ። መልሱን ለመስማት በሄዱበት ቀን ሁለቱ እህትማማቾች ተኳርፈው ነበር፤ በምን እንደ ሆነ አልደረስንበትም፣ ሰብሌም አላወቀችም። አግዳሚው ላይ አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ ተቀመጡ።

ፀደይ መልሱን አየችና ፈገግ አለች። «ስኳሩ ወርዷል። ግፊቱም ተሻሽሏል። ብግነቱ ደግሞ በጣም ነው የቀነሰው።»

«ቀነሰ?» አለች ባንችይርጋ፣ የተሰደበች መስላ። «እንዴት ይቀንሳል? ዛሬ ጠዋት እኮ…»

«ዛሬ ጠዋት ምን?»

«ምንም።»

«መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል» አለች አገሬ ወደ መስኮቱ እያየች።

«ሲስተር፣ ለዚያች ሴትዮ ንገሪልኝ፤ መሣሪያው ደህና ነው» አለች ባንችይርጋ።

ፀደይ የመልሱን ወረቀት አጣጥፋ ሰጠቻቸው። ባንችይርጋ ምርኩዟን ይዛ ተነሣች፤ የጎደለውን እግሯን ገና አልለመደችውምና ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። አገሬ ከኋላዋ መጥታ ከጎኗ ቆመች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም።

«ሲስተር» አለች ጮክ ብላ፣ ክንዷን ወደ ጎን ዘርግታ፣ «ለዚያች ሴትዮ ንገሪያት፤ ደረጃ አለ፣ ክንዴን ትያዝ።»